ለቅሞ ማኖር

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከሰባት መቶ አርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ የግዕዝ ወንጌል አለው። የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ነው። ለገዳሙ የሰጡት አበምኔቱ አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ዘመኑንም ሰጪውንም እንዲህ አፍ ሞልተን የምንናገረው መጽሐፉ ስለ ራሱ ስለሚመሰክር ነው፤ ማን እንዳስገኘው፣ ለማን እንደተሰጠ፣ መቼ እንደሆነ ተጽፎበታል። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ምስልም በውስጡ አለ፤ እሳቸው በሕይወት ሳሉ የተሣለ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት መነኮሳት ደግሞ የቀሩትን ባዶ ገጾች ዝም ብለው አልተዉአቸውም። ንጉሥ ጉልት ሲሰጥ ጻፉበት፤ ንዋየ ቅድሳት ሲገባ ጻፉበት፤ የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር አሰፈሩበት። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ ሲጽፉ ከዋና ምንጮቻቸው አንዱ ይህ ወንጌልና በላዩ የሰፈረው ማስታወሻ ነበር። ስምና ቀን ያልተጻፈበት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚኖረው አንድ የሚያምር አሮጌ ብራና ብቻ ነበር።

ይህ ምዕራፍ ስለ መልቀም ነው። ልብ የነካ ሐሳብን፣ ዓይን የያዘ ሥዕልን ከያለበት አንሥቶ ስለ ማኖር። ዛሬ ሁላችንም ለቃሚዎች ነን። አንዱ ፌስቡክ ላይ ያየውን አባባል ስክሪን ሾት ያደርጋል፤ ሌላው ቴሌግራም ላይ የደረሰውን ጥንታዊ ፎቶ ሴቭ ያደርጋል፤ ሌላዋ ከዩቲዩብ ያገኘችውን ትምህርት ሊንኩን ለራሷ ትልካለች። ከዓመት በኋላ ጋለሪው ሲከፈት ግን ሁሉም ተደበላልቆ ይጠብቃል። አባባሉ የማን ነበር? ፎቶው የት ተነሣ? ለምንስ አስቀመጥኩት? መልስ የለም። ተለቅሟል፤ ግን አልኖረም።

የተለቀመ ሐሳብና ምስል ዕድሜ የሚያገኘው ሁለት ነገር ሲሟላለት ይመስለኛል። አንደኛው ከየት እንደመጣ ሲጻፍበት ነው። ሁለተኛው በሚገባው ጎረቤት አጠገብ ሲቀመጥ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሐይቅና አምባሰል አካባቢ ብቻ የሚበቃ አለ።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። ገዳሙ ያለበት መሬት ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘ ልሳን ሲሆን ቀድሞ ደሴት ነበር። መንገዱን ይዘው ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ውጫሌ ይደርሳሉ፤ አምባሰል ነው። የግሸን አምባም በዚሁ በአምባሰል ምድር ነው። በካርታ ላይ ሲያዩት ይህ አገር በትግራይና በላስታ እንዲሁም በሸዋ መካከል የተዘረጋ መተላለፊያ ነው። ነጋዴም፣ መነኩሴም፣ ተማሪም፣ ጦርም አልፎበታል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ደብረ ዳሞ ላይ በአባ ዮሐኒ ሥር ተምረው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ሐይቅ ገቡ። ከዚያ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ቦታውን ገዳምም ትምህርት ቤትም አደረጉት። ከተማሪዎቻቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት አሉ። በ1270 እ.ኤ.አ. አፄ ይኩኖ አምላክ ሲነግሡ የገዳሙ ክብር ከፍ አለ፤ የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚለውን ማዕረግ ይዞ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ተርታ የሚቆም ሰው ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ከማዕረጉ ይልቅ የመጻሕፍቱ ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን አንድ መጽሐፍ ለማግኘት ያለው መንገድ መቅዳት ብቻ ነበር። መጽሐፉ ያለበትን ደብር ማወቅ፣ እዚያ ድረስ በእግር መሄድ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዶ መዋስ ወይም እዚያው ተቀምጦ መገልበጥ ያስፈልጋል። ብራናው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመርበታል። ቀለሙ ጥቁርና ቀይ ይበጠበጣል። ይህን ሁሉ ድካም የሚያወጣ ሰው የሚቀዳውን ይመርጣል። ይህ መቅዳት ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ ይጨነቃል። ጣት ሲነካ ከሚቀመጥ ምስል ጋር ልዩነቱ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ምርጫው ምን እንደሚመስል ለማየት ሌላ የሐይቅ መጽሐፍ ልጥቀስ። በ14ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ትልቅ የድርሳናት ስብስብ ነው። ስብከቶችንና የቅዱሳን ታሪኮችን ከየአባቶቹ ድርሰት አንሥቶ በአንድ ጥራዝ ያሰባስባል። የእያንዳንዱ ድርሰት መግቢያ የማን እንደሆነና ለየትኛው በዓል እንደሚነበብ ይናገራል። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ቁራጭ ባለቤትም ቀጠሮም አለው። ሰብሳቢው ደስ ያለውን ሁሉ ከምሮ አልሄደም፤ ያነበበው ሰው መቼ እንደሚመለስበት አስቦለታል። እኔ ስልኬ ላይ ካስቀመጥኳቸው ጽሑፎች ስንቶቹ የንባብ ቀጠሮ እንዳላቸው ብጠየቅ መልሴ አጭር ነው፤ አንዳቸውም።

እነዚህን ሁለት መጻሕፍት የዓለም ተመራማሪዎች የሚያውቋቸው በቁጥር ነው። ወንጌሉ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል 1832፣ የድርሳናቱ ስብስብ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል 1763 ይባላል። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ከተጀመረ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ሆና በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ አደረገች። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ወደሚባል ቦታ፣ በመነኮሳት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ወዳለ ቤተ መጻሕፍት ሄደ። እዚያ እነዚያን ፊልሞች ቅጠል በቅጠል እያዩ ካታሎግ ካዘጋጁት መካከል ግንባር ቀደሙ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተተኮሰባቸው ጥይት እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ፤ በዓመቱ ኮሌጅቪል ገብተው ሥራ ጀመሩ፤ እስካረፉበት እስከ 2021 ድረስ ከብራና አልተለዩም። በዊልቸር ላይ ሆኖ፣ ከአገሩ ርቆ፣ የአገሩን መጻሕፍት አንድ በአንድ «ይህ የእገሌ ድርሰት ነው፤ በዚህ ዘመን ተጻፈ፤ በኅዳጉ ላይ ይህ ማስታወሻ አለ» እያለ መመዝገብ ምን ያህል ፍቅር እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው። ፎቶ ማንሣቱ ግማሹ ሥራ ነበር። ያለ ካታሎጉ እነዚያ ሁሉ ፊልሞች ስም የሌላቸው ጥቅልሎች ሆነው ይቀሩ ነበር።

አሁን ወደ ጎረቤት ጉዳይ ልለፍ።

አራቱ ወንጌላውያን አንዱን ታሪክ አንዳንዴ አራቱም፣ አንዳንዴ ሦስቱ፣ አንዳንዴ ሁለቱ ይናገሩታል። በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የቂሳርያው አውሳብዮስ ይህን ሲያይ አንድ ብልሃት አገኘ። እያንዳንዱን ወንጌል ወደ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፈለና ለያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ሰጠ። ቀጥሎ አሥር ሰንጠረዦች ሠራ። በመጀመሪያው አራቱም የሚጋሩትን፣ በሚቀጥሉት ሦስቱ ወይም ሁለቱ የሚጋሩትን፣ በመጨረሻው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተናገሩትን ደረደረ። ጌታ አምስት ሺህ ሰው ያበላበትን ታሪክ እንውሰድ። በማቴዎስ ቁጥሩ 147፣ በማርቆስ 64፣ በሉቃስ 93፣ በዮሐንስ 49 ነው። በግዕዝ ሲጻፍ ፻፵፯፣ ፷፬፣ ፺፫፣ ፵፱ ይሆናል፤ አራቱም በመጀመሪያው ሰንጠረዥ በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ማቴዎስን የሚያነብ ሰው በኅዳጉ ላይ ፻፵፯ን ካየ ወደ ሰንጠረዡ ይሄዳል፤ መስመሩን ያገኛል፤ ከዚያ ዮሐንስ ያንኑ ነገር እንዴት እንደተናገረው ፵፱ ብሎ ይደርስበታል። ዛሬ ሊንክ የምንለው ነገር ይህ ነው። አውሳብዮስ አንዱን ወንጌል ከሌላው ጋር አልቀላቀለም፤ የአንዱንም ቃል አልነካም። እያንዳንዱ በቦታው እንዳለ መገናኛውን ብቻ ሠራላቸው።

ሰንጠረዦቹ ወደ ግዕዝ ወንጌሎች ገና ከጥንቱ ገብተዋል። አድዋ አካባቢ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት፣ በካርበን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ መሆናቸው የታወቀው ወንጌሎች በዓምድና በቅስት፣ በወፍና በሐረግ ያጌጡ ሰንጠረዦች አሏቸው። የእኛ ሠዓሊዎች ቁጥር ብቻ የተደረደረበትን ገጽ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ አሳመሩት። ለምን? መልሱን በጽሑፍ አላገኘሁትም፤ ግምቴን ግን እናገራለሁ። ነገሮች የሚገናኙበት ቦታ የመጽሐፉ በር መሆኑን ተረድተውታል፤ በር ደግሞ ያጌጣል።

ሁሉም ነገር ታዲያ እንዲህ አድራሻውን ይዞ አልመጣም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አባ ሚካኤል የተባሉ ሊቅ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «መጽሐፈ ፈላስፋ» የጠቢባን አባባል ስብስብ ነው። ሶቅራጥስ እንዲህ አለ፣ አፍላጦን እንዲህ አለ፣ አርስጣጣሊስ እንዲህ አለ እያለ ይሄዳል። አባ ክላውድ ሰምነር አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ ሲያሳትሙ በ1974 እ.ኤ.አ. የጀመሩት በዚህ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ምክሩ ብዙ ነው። ሆኖም ከአባባሎቹ ብዙዎቹ ከግሪክ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ሲጓዙ አፍ እየለወጡ ስለመጡ፣ የአንዱ ጠቢብ ቃል በሌላው ስም ተቀምጧል። ዛሬ በአንስታይን ወይም በማንዴላ ፎቶ ላይ እየተጻፈ የሚዞረው አባባልም ዕጣው ያው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ችግሩ «ማን አለው?» ብለን ወደ ኋላ መሄድ አለመቻላችን ነው፤ ወደ ኋላ ካልሄድን ደግሞ በምን ጉዳይ፣ ለማን፣ በየትኛው ክርክር ውስጥ እንደተባለ አናውቅም።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ የበርለዓምና የይዋስፍ ታሪክ ይበልጣል። አባቱ ከሞትና ከበሽታ ወሬ እንዲርቅ በቤተ መንግሥት ሸሽጎ ያሳደገው የሕንድ ልዑል፣ አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ዓለም እንደ ድሮው አትታየውም። ይህን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1553፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት ከዐረብ ምድር መጥተው ክርስትናን የተቀበሉትና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም ናቸው። አባ ዕንባቆም ቅዱስ የክርስቲያን ታሪክ እንደሚተረጉሙ ያውቃሉ። ታሪኩ ከቡድሃ ሕይወት የተቀዳ መሆኑን የሚያውቁበት መንገድ ግን አልነበራቸውም፤ አውሮፓም ቢሆን አያውቅም ነበር። ሊታወቅ የቻለው በ19ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት የሕንዱንና የክርስቲያኑን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያነቡ ነው። ሁለቱ መጻሕፍት ለየብቻቸው በየመደርደሪያቸው ሳሉ ምንም አይናገሩም ነበር፤ ሲጎራበቱ ብቻ ተናገሩ።

ሥዕልም እንዲሁ ይጓዛል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ልብ ብለው አይተዋት ያውቃሉ? ቀኝ እጇ በግራው ላይ ተሻግሯል፤ ሁለቱ ጣቶቿ ወደ ታች ተዘርግተዋል፤ በግራ እጇ ትንሽ መሐረብ ይዛለች፤ የታቀፈችው ልጅ መጽሐፍ ይዟል። ይህ አቀማመጥ ሮም በሚገኘው በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ጥንታዊ ሥዕል የመጣ ነው። የዚያን ሥዕል ቅጂዎች ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ናቸው። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ሥዕሉ ቀረ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች አቀማመጡን ወሰዱ፤ በሁለቱ ወገን ሰይፍ የመዘዙ ሚካኤልንና ገብርኤልን አቆሙ፤ ከእግሯ ሥር ሥዕሉን ያሠራውን ባለ ጸሎት አስተኙ። ልብሷንም ፊቷንም በራሳቸው ቀለም ሣሉ። ዛሬ ያችን ሥዕል የሮም ናት ብሎ የሚያስብ ምእመን የለም። ልክም ነው፤ በአራት መቶ ዓመት ውስጥ የራሳችን ሆናለች። ይሁን እንጂ ጉዞዋን ማወቅ ፍቅሯን የሚቀንስ አይመስለኝም። እንዲያውም የኛ ሠዓሊ ምን እንደወሰደና ምን እንደጨመረ የምናየው ያኔ ነው፤ መላእክቱን ያቆመው እሱ መሆኑን የምናውቀው የሮሙ ሥዕል ላይ ስናጣቸው ነው።

የመጨመር ጉዳይ ሲነሣ «ተአምረ ማርያም»ን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። የተአምራቱ ስብስብ መነሻው አውሮፓ ነው፤ ከዚያ በግብፅ በኩል ዐረብኛ ሆኖ፣ በአፄ ዳዊት ዘመን፣ በ1400 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ግዕዝ ገባ። ልጃቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ግሸን አምባ ላይ ከነገሥታቱ ልጆች ጋር ቆይተው በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሡት፣ መጽሐፉ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ሥርዓት አወጡለት። ከውጭ የመጡት ጥቂት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን የአገር ውስጥ ተአምራት እየተጨመሩ ሄዱ፤ የዚህ ደብር፣ የዚያ መንደር፣ የእገሌ ባሕታዊ። በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የጥናት ቡድን ቆጥሮ ቆጥሮ ከ1,000 የሚበልጡ የተለያዩ ታሪኮች መዝግቧል። ለቅሞ የሚያኖር ሕዝብ ያመጣውን እንዳለ ይዞ አይቀመጥም ማለት ነው። የራሱን ከጎኑ ያስቀምጣል። ሁላችንም የምናውቀው በላዔ ሰብእ ለዚህ ይበቃል፤ የበላቸው 78 ነፍስ በአንድ ወገን፣ በእመቤታችን ስም የተሰጠ ጥርኝ ውኃ በሌላ ወገን በሚዛን ሲቀመጡ። ሁለት የማይጎራበቱ ነገሮችን አጎራብቶ ሰሚውን እንቅልፍ መንሣት ይሏል ይኼ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ብራናና ስለ ገዳም ነው። ሐይቅ ከተማ ያለበት የተሁለደሬ ምድር ግን የወሎ ምድር ነው፤ ከደወሉ ጋር አዛኑ ይሰማል። የወሎ ደረሳ ከሸኽ ወደ ሸኽ እየተዘዋወረ ይማራል፤ አንዱ ዘንድ ሰዋስው፣ ሌላው ዘንድ ፊቅህ። የሚይዘው ኪታብ ላይ ዋናው ጽሑፍ ከመካከል ነው፤ በመስመሮቹ መካከልና በዙሪያው ደግሞ ከመምህሩ የሰማው ማብራሪያ በትንንሽ ፊደል፣ ብዙ ጊዜም ሰያፍ ሆኖ ይጻፋል። ትምህርቱ ሲያልቅ ሸኹ ኢጃዛ የሚባለውን የማስተማር ፈቃድ ይሰጡታል፤ ይህን ኪታብ ከእኔ ቀርቷል፣ ማለትም አንብቦ ተምሯል፣ እኔ ከእገሌ ቀርቻለሁ፣ እገሌ ከእገሌ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ የመምህራን ሰንሰለት አለበት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የኖሩት ሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ የደረሱት መንዙማ ሳይቀር እስከ ዛሬ በደራሲው ስም ይታወሳል። ስለ አድራሻ ጥንቃቄ ከተነሣ ከዚህ ሥርዓት የሚበልጥ አላውቅም። አንድ ቃል ብቻውን አይንቀሳቀስም፤ የተሸከሙትን ሰዎች ስም ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

የጎረቤት ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ግን ወደ ቅርቡ ዘመን፣ ወደዚያው ወደ ወሎ መመለስ አለብኝ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ አለቀ። ገበሬው ከየቀዬው እየወጣ ዋናውን መንገድ ዳር ይዞ ወደ ደሴ ወረደ። በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ የቀረጸውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዓለም ጉድ አለ። በአገር ውስጥ ግን ያኔ አልታየም።

የታየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው። ደርግ የዲምብልቢን ምስሎች ወስዶ፣ በመካከላቸው የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ፣ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎች እያስገባ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። አጥንቱ የቀረ ሕፃን ይታያል፤ ቀጥሎ የተሞላ ገበታ ይታያል። እንደገና ረሃብተኛው፤ እንደገና ድግሱ። በማግሥቱ ጧት፣ መስከረም 2፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። ውሳኔው ከፊልሙ በፊት ያለቀ ነበር። ሕዝቡ ውሳኔውን እንዲቀበል ያዘጋጀው ግን ያ ጎረቤትነት ነው።

ስለዚህ ምሽት ብዙ አስቤያለሁ። ረሃቡ እውነት ነበር። ድግሱም እውነት ነበር። መንግሥት ረሃቡን መደበቁም እውነት ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ መቀመጣቸው ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን ምስሎቹ በተለያየ ጊዜና በተለያየ ቦታ የተነሡ ናቸው፤ ይህን ለተመልካቹ የነገረው ሰው አልነበረም። ዲምብልቢም ያንን ጥንድ አልሠራም። ቀንና ቦታ ሳይነገርላቸው፣ ሁለት ምስሎች በአንድ ሰዓት የሆኑ መስለው ታዩ። እዚህ ላይ መጀመሪያ ያነሣኋቸው ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ፤ ጎረቤቱ ይበልጥ ኃይለኛ በሆነ ቁጥር አድራሻው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከዐሥር ዓመት በኋላም ያው ነገር በሌላ መልክ መጣ። በጥቅምት 1984 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ መሐመድ አሚን በካሜራው የቀረጸውን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረውን የኮረምን ሕዝብ ለዓለም አሳየ። እርዳታው ጎረፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ታላላቅ የሙዚቃ ድግሶች ተደረጉ። ምስሉ ነፍስ አድኗል። ያ ምስል ግን ከዚያ በኋላ ያለ ቀን፣ ያለ ስም፣ ያለ ቦታ መዞሩን ቀጠለ፤ የወሎ ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያ ሁሉ መልክ እስኪመስል ድረስ። ሐይቁን፣ አምባሰልን፣ በስሙ የሚጠራውን ቅኝት፣ የግሸንን መስቀልኛ አምባ የማያውቅ የውጭ ሰው በምስል ያያትን አንዲት የተራበች ሕፃን ያውቃል፤ ስሟን ግን አያውቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙ ምክር አልሰጥም። ጽሑፍ ስታስቀምጡ ከየት እንዳገኛችሁት በዚያው ቅጽበት በአንድ መስመር ጻፉበት፤ ነገ የሚባል ነገር የለም። አባባል ስታገኙ መጽሐፉንና ገጹን ጠይቁ፤ ካልተገኘ «ምንጩ አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉበት፤ ይህም መረጃ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ከግሸን የሚላኩትን የንግሥ ፎቶዎች ስትቀበሉ የዘንድሮ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ምስሉ ከዚህ በፊት ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ከሆነ የፎቶ መፈለጊያ መተግበሪያ የት እንደወጣ በሰኮንድ ሊያሳይ ይችላል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ካስቀመጣችሁት ውስጥ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን አንሥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዳንዴ ምንም አይሉም። አንዳንዴ ግን ሙሉ ጽሑፍ ይወጣቸዋል፤ የዚህ ምዕራፍ ግማሹ የተገኘው እንዲህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸኩለኝ ግን ኢንተርኔት ላይ የሌለው ነው። በሐይቅም፣ በውጫሌም፣ በመርሳም በየቤቱ የድሮ ፎቶ አለ፤ የሠርግ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ አጎት፣ ፎቶ ቤት ገብተው ከተሣለ መጋረጃ ፊት የቆሙ ሁለት እህትማማቾች። የሚያውቁት አያቶች ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን በቁጥር ላያስታውሱ ይችላሉ፤ «ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በፊት ነው»፣ «የእገሌ ልጅ ክርስትና ሰሞን ነው» ይላሉ፤ እንዳሉት ጻፉት፤ በኋላ ሌላው ሰው ያስተካክለዋል። ሲናገሩ በስልክ ቅዱ፤ ስም ሲጠሩ አታቋርጧቸው። በፎቶው ጀርባ የምትጽፉ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ቀስ ብላችሁ ዳር ላይ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ቀለሙ ወደ ፊት ይዘልቃል። በስልክ ስታነሡትም ፊቱን ብቻ አንሥታችሁ አትመልሱት፤ ገልብጣችሁ ጀርባውንም አንሡት፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ለማን እንደተላከ የሚናገር አንድ መስመር፣ አንዳንዴም ቀኑ የሚገኘው እዚያ ነው።